በብር ናኖ ቅንጣቶችና በራማን መሣሪያ የታይራም ቅሪትን ከፍራፍሬ ልጣጭ መለየት፦ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የራማን መሣሪያ (ናሙናን በሌዘር መትቶ የሚበተነውን ብርሃን የሚለካ) እያላቸው፣ የብር ኮሎይዱንም (በውሃ ውስጥ የተንሳፈፉ የብር ናኖ ቅንጣቶችን) በእጃቸው እየሠሩ፣ ዛሬ ግዙፍ ፒክ (በስፔክትረሙ ላይ ከፍ ብሎ የሚወጣ ጫፍ) አግኝተው በማግሥቱ በዚያው ናሙና ምንም ለማያዩ ሰዎች ነው። በብረታ ብረት ናኖ ቅንጣት የሚጠናከረው ራማን፣ ባለሙያዎች ሰርስ የሚሉት፣ የሚሠራው ሁለት የብር ቅንጣቶች በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ሲጠጋጉ በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት የሌዘሩ ብርሃን እጅግ ስለሚበረታ ነው፤ የሚፈለገው ሞለኪውል በዚያ ክፍተት ውስጥ፣ ከብሩ ገጽ ጋር ተጣብቆ ካልተገኘ ፒክ አይኖርም። ስለዚህ ውጤቱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች የብሩ ገጽ ንጽሕና፣ ሞለኪውሉ ገጹ ላይ መድረሱና ቅንጣቶቹ በተቆጣጠሩት መጠን መሰባሰባቸው ናቸው። አብዛኛው ስሕተትም የሚፈጠረው ሌዘሩ ከመብራቱ በፊት ነው።

ለምሳሌነት የተመረጠው ታይራም የተባለው የፈንገስ ማጥፊያ ነው። በውስጡ ያለው ሰልፈር ከብር ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝና በ1380 ሴ.ሜ⁻¹ አካባቢ ጎልቶ የሚታይ ፒክ ስለሚሰጥ ለመማሪያ የተመቸ ነው። አንድ ገደብ ግን ከወዲሁ ይወቁ፦ ታይራም ብር ላይ ሲያርፍ ለሁለት ስለሚሰነጠቅ፣ ዚራምን የመሰሉ የቅርብ ዘመዶቹ በብሩ ላይ የሚተዉት ቁራጭም ያው ስለሆነ፣ በዚህ ዘዴ አንዱን ከሌላው በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሲልቨር ናይትሬት፣ ሃይድሮክሲላሚን ሃይድሮክሎራይድ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ሶዲየም ናይትሬት፣ ሜታኖል፣ ናይትሪክ አሲድና ደረጃውን የጠበቀ የታይራም ዱቄት ያስፈልጋሉ፤ ኬሚካሎቹ ለትንታኔ ሥራ የሚሆን ንጽሕና ያላቸው ይሁኑ። ከዕቃ በኩል እስከ 0.1 ሚሊግራም የሚመዝን ሚዛን፣ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዙ የመለኪያ ፍላስኮች፣ ማይክሮ ፒፔቶች፣ ማግኔቲክ ማማሰያ፣ 0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ፣ የኳርትዝ ኩቬትና 785 ናኖሜትር ሌዘር ያለው የራማን መሣሪያ ያዘጋጁ። ዩቪ-ቪዝ ስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ የሚውጠውን ብርሃን በየሞገድ ርዝመቱ የሚለካ መሣሪያ) ቢኖር ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ጥንቃቄ፣ ሳይነበብ የማይታለፍ

ሲልቨር ናይትሬት ቆዳን ያጠቁራል፣ ዓይንንም ይጎዳል። ሃይድሮክሲላሚን ሃይድሮክሎራይድ መርዛማ ከመሆኑም በላይ ሲሞቅ በኃይል ሊፈነዳ ስለሚችል ደረቁን ዱቄት ከሙቀት ያርቁ። ታይራም ሲተነፈስ ይጎዳል፤ ከአልኮል መጠጥ ጋር ሲገናኝም ሰውነትን ክፉኛ ስለሚያውክ ከእርሱ ጋር በሚሠሩበት ቀን አልኮል አይጠጡ። የ785 ናኖሜትር ሌዘር ለዓይን እምብዛም ስለማይታይ ደካማ ይመስላል፤ ለዚህ የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ሳያደርጉ የናሙናውን ክዳን አይክፈቱ። ብር ባለበት ዕቃ ወይም ቆሻሻ ላይ አሞኒያ በፍጹም አይጨምሩ፤ ሲቆይ በትንሽ ንክኪ የሚፈነዳ ውሕድ ይፈጠራል።

ደረጃ 1፦ የመስታወት ዕቃውን ማጠብ

1. ዕቃውን በሳሙና አጥበው በቧንቧ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት።
2. በጭስ መሳቢያ ውስጥ ሆነው ግማሽ በግማሽ በውሃ በቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ሞልተው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያቆዩት።
3. አሲዱን ወደ መያዣው መልሰው ዕቃውን በንጹሕ ውሃ ቢያንስ አምስት ጊዜ ያለቅልቁት።
4. ደፍተው በንጹሕ ቦታ ያድርቁት፤ በጨርቅም ሆነ በሶፍት አይወልውሉት።

ብዙዎች ከወርቅ ኮሎይድ መመሪያዎች ወስደው አኳ ሬጂያ (የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ) ይጠቀማሉ። ለብር ትክክለኛ ምርጫ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ክሎራይድ የቀረውን ብር ወደማይሟሟ ነጭ ሲልቨር ክሎራይድ ቀይሮ ግድግዳው ላይ ይተወዋል። ናይትሪክ አሲድ ብቻውን ይበቃል። አሲዱ ከአሴቶን ወይም ከአልኮል ጋር እንዳይገናኝ ይጠንቀቁ፤ ዕቃውን ለማድረቅ ሲባል በሜታኖል ማለቅለቅ በዚህ ምክንያት የተከለከለ ነው።

ደረጃ 2፦ ውሃውን መፈተሽ

የሚመረጠው 18.2 ሜጋኦም·ሴ.ሜ የመቋቋም አቅም ያለው እጅግ የተጣራ ውሃ ነው። ይህ ከሌለ ዲስቲልድ ውሃ ሊሠራ ይችላል፤ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ግን ማዕድን ስላለው አይሆንም፣ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውም ሳይፈተሽ አይታመንም። ፈተናው ቀላል ነው፦ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ በንጹሕ የሙከራ ቱቦ ውስጥ አድርገው ሁለት ሦስት ጠብታ የሲልቨር ናይትሬት ብጥብጥ (አሠራሩ በደረጃ 3 አለ) ይጨምሩና ከጥቁር ወረቀት ፊት አድርገው ይመልከቱት። ጥቂት እንኳ ከደመነ ክሎራይድ አለበት፤ ውሃውን ይቀይሩ። እዚህ ላይ የሚታለፍ ደመና ኋላ ላይ ምክንያቱ የማይታወቅ ውድቀት ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ብጥብጦቹን ማዘጋጀት

1. ሲልቨር ናይትሬት፦ 170 ሚሊግራም መዝነው በ100 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ውስጥ በውሃ ይሙሉት። ክምችቱ 10 ሚሊሞላር ይሆናል። ፍላስኩን በአሉሚኒየም ወረቀት ይሸፍኑት።
2. ሃይድሮክሲላሚን ሃይድሮክሎራይድ፦ 104 ሚሊግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፤ ይህም 15 ሚሊሞላር ነው። በዚያው ቀን ይጠቀሙበት።
3. ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፦ 0.40 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ማለትም 0.1 ሞላር። በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጥብቅ ሆኖ ይቀመጥ። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሚደክም የከረመውን አይጠቀሙ።
4. ሶዲየም ናይትሬት፦ 8.5 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ (1 ሞላር)። ከዚህ እያቀጠኑ 400፣ 200፣ 100 እና 50 ሚሊሞላር የሆኑ አራት ብጥብጦች ያዘጋጁ።

አንድ ብጥብጥ የተሠራበት ቀን ካልተጻፈበት ለዚህ ሥራ እንደሌለ ይቆጠር።

ደረጃ 4፦ ኮሎይዱን መሥራት

እዚህ የተመረጠው ሊዮፖልድና ሌንድል በ2003 ያወጡት፣ ማፍላት የማያስፈልገው ዘዴ ነው። በሲትሬት እያፈሉ የሚሠራው የቆየ ዘዴም ጥሩ ሰርስ ይሰጣል፤ ነገር ግን ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ስለሚለዋወጥ ለጀማሪ አይመከርም።

1. በ250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ውስጥ 77 ሚሊ ሊትር ውሃ ያድርጉና ማማሰያውን በፍጥነት ያስጀምሩት።
2. 10 ሚሊ ሊትር የሃይድሮክሲላሚን ብጥብጥ ይጨምሩ።
3. 3.0 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይጨምሩ። ከዚህ በኋላ ሃይድሮክሲላሚኑ መበላሸት ስለሚጀምር ከአምስት ደቂቃ በላይ አይቆዩ።
4. 10 ሚሊ ሊትር ሲልቨር ናይትሬት በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ፣ በእኩል ፍጥነት ያንጠባጥቡ። ቀለሙ ወዲያው ቡናማ ሆኖ ቆይቶ ወደ ወተት መሰል ግራጫ ቢጫ ይለወጣል።
5. ለ15 ደቂቃ ማማሰሉን ይቀጥሉና ወደ ንጹሕ ጠርሙስ ገልብጠው ከብርሃን ይከልሉት።

በአራተኛው ተራ ቁጥር የሚፈሰው ፍጥነት የቅንጣቶቹን መጠን ይወስናል። የትኛውን ፍጥነት መረጡ የሚለው ያን ያህል አያሳስብም፤ በየጊዜው ያንኑ መድገም ግን ግዴታ ነው። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ፦ ሲልቨር ናይትሬት ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ብቻውን ከተገናኘ ቡናማ የብር ኦክሳይድ ዝቃጭ ይወጣል፣ ያ ዝቃጭም ኮሎይድ አይደለም።

ፍላስኩ ግድግዳ ላይ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ብር ከተለጠፈ ወይም ጥቁር ቅንጣቢ ከሥር ከረጋ ዙሩን ይጣሉት። ለማዳን መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ዕቃውን ከደረጃ 1 ጀምሮ ያጥቡ።

ደረጃ 5፦ ኮሎይዱን መመርመር

ከኮሎይዱ 0.3 ሚሊ ሊትር ወስደው በ2.7 ሚሊ ሊትር ውሃ አቅጥነው በዩቪ-ቪዝ ይለኩት። ከ400 እስከ 430 ናኖሜትር መካከል አንድ የጠራ ፒክ መታየት አለበት። ከ600 ናኖሜትር በላይ ያለው መስመር ወደ ዜሮ ተጠግቶ ካልወረደና ረጅም ጅራት ካለው ቅንጣቶቹ ጨው (በደረጃ 7 እነርሱን ለማሰባሰብ የሚጨመረው ሶዲየም ናይትሬት) ሳይነካቸው ተሰባስበዋል ማለት ነው። የፒኩን ቦታ፣ ቁመትና ስፋት በደብተር ይመዝግቡ፤ አዲስ ዙር ሲሠሩ ከቀድሞው በ5 ናኖሜትር የሚበልጥ ልዩነት ካሳየ ከቀድሞው የመለኪያ መስመር (ደረጃ 8) ጋር አይጠቀሙበት።

ኮሎይዱን በማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ይቻላል፤ በረዶ ከሆነ ግን ተመልሶ አይድንም። በሳምንት ውስጥ ይጨርሱት፣ ከመጠቀምዎ በፊትም ወደ ክፍሉ ሙቀት እንዲመለስ ይተዉት።

ደረጃ 6፦ መሣሪያውን ማስተካከል

1. ሌዘሩን አብርተው ለ20 ደቂቃ ያሙቁት።
2. የሲሊከን ቁራጭ ለክተው ፒኩ በ520.7 ሴ.ሜ⁻¹ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ በሶፍትዌሩ ያስተካክሉ።
3. ለፈሳሽ ናሙና ኃይሉን ከ10 እስከ 50 ሚሊዋት ባለው ውስጥ ይምረጡ፤ የአንዱን ንባብ ጊዜ 10 ሰከንድ አድርገው ሦስት ጊዜ ይውሰዱ። ሦስት ጊዜ መውሰድ የኮስሚክ ጨረር የሚያመጣቸውን ድንገተኛ ቀጫጭን ፒኮች ለመለየት ይረዳል።
4. የመረጡትን ኃይል፣ ጊዜና የትኩረት ጥልቀት እስከ ሥራው ፍጻሜ አይለውጡ።

ስለ መስታወት አንድ ነገር በጥብቅ መነገር አለበት። ተራ መስታወት በ785 ናኖሜትር ሌዘር ሲመታ በ1400 ሴ.ሜ⁻¹ አካባቢ ሰፊ ጉብታ ይሰጣል፤ የታይራም ዋና ፒክም ያለው እዚያው ነው። ኳርትዝ የተጠየቀው ለዚህ ነው። ኳርትዝ ከሌለ ትኩረቱን ከግድግዳው አርቀው ወደ ፈሳሹ መሐል ያድርጉ፣ ለሁሉም ናሙናዎች አንድ ዓይነት ቱቦ ይጠቀሙ፣ ታይራም የሌለበትን የባዶ ናሙና ስፔክትረምም ከእያንዳንዱ ንባብ ይቀንሱ።

ጀማሪ ኮሎይዱን ስላይድ ላይ አድርቆ ባይለካ ይሻላል። ጠብታው ሲደርቅ ቅንጣቶቹ ከቡና ሲኒ ሥር እንደሚቀረው ቀለበት ጠርዙ ላይ ስለሚከማቹ ሌዘሩ ያረፈበት ነጥብ ሁሉ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። ፈሳሹ ውስጥ ግን ንባቡ በብዙ ቅንጣቶች መካከል ይመጣጠናል።

ደረጃ 7፦ የጨውን መጠን መፈለግ

ሰዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነው፤ የሌላ ሰው የጨው መጠን በእርስዎ ኮሎይድ ላይ እንደሚሠራ ምንም ዋስትና የለም።

በመጀመሪያ የታይራም እናት ብጥብጥ ያዘጋጁ፦ 24.0 ሚሊግራም በ100 ሚሊ ሊትር ሜታኖል፣ ይህም 1 ሚሊሞላር ነው። ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ውስጥ አድርገው 4 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ይጨምሩና በውሃ ይሙሉት። አሁን 5 በመቶ ሜታኖል ያለው 10 ማይክሮሞላር ታይራም አለዎት። ታይራም በንጹሕ ውሃ ውስጥ በጣም ጥቂት ብቻ ስለሚሟሟ በቀጥታ በውሃ ለመበጥበጥ አይሞክሩ። ቀጣዮቹን ማቅጠኛዎች ሁሉ የሚሠሩት 5 በመቶ ሜታኖል ባለው ውሃ ነው፤ በየቀኑም አዲስ ይዘጋጁ።

1. 400 ማይክሮ ሊትር ኮሎይድ በትንሽ ቱቦ ውስጥ ያድርጉ።
2. 50 ማይክሮ ሊትር 1 ማይክሮሞላር ታይራም ጨምረው ቀስ ብለው ያዋህዱና 2 ደቂቃ ይጠብቁ።
3. 50 ማይክሮ ሊትር የሶዲየም ናይትሬት ብጥብጥ ይጨምሩ፤ ቱቦውን ሦስት ጊዜ ይገልብጡና ሰዓት መያዝ ይጀምሩ።
4. በየ30 ሰከንዱ እስከ 5 ደቂቃ ድረስ የ1380ን ፒክ ቁመት ይመዝግቡ።
5. ይህን በአምስቱም የጨው ብጥብጦች ይድገሙት። በመጨረሻው ድብልቅ ውስጥ የጨው ክምችት 5፣ 10፣ 20፣ 40 እና 100 ሚሊሞላር ይሆናል።
6. በታይራም ፈንታ 5 በመቶ ሜታኖል ብቻ ያለበትን ባዶ ናሙናም በየጨው መጠኑ ይለኩ።

የሚመርጡት ከሁሉ የረዘመውን ፒክ የሰጠውን መጠን አይደለም፤ ፒኩ ከፍ ብሎ ቢያንስ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሳይወርድ የሚቆይበትን መጠን ነው። ጨው ሲያንስ ቅንጣቶቹ ተራርቀው ይቀራሉ፣ ፒኩም አይወጣም፤ ሲበዛ ደግሞ ግዙፍ ክምር ሆነው ይዘቅጣሉ፣ ከሌዘሩ መንገድም ይወርዳሉ። ፒኩ የተረጋጋበትን ደቂቃ መርጠው ከዚያ በኋላ ሁሉንም ናሙና በዚያችው ደቂቃ ያንብቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጨው ከናሙናው በፊት አይገባም። ቅንጣቶቹ ቀድመው ከተጠጋጉ ክፍተቶቹ ይዘጋሉ፣ ዘግይቶ የመጣው ታይራም በውጭ ይቀራል።

ደረጃ 8፦ የመለኪያ መስመር መሥራት

10፣ 5፣ 2፣ 1፣ 0.5፣ 0.2 እና 0.1 ማይክሮሞላር ታይራም አዘጋጅተው እያንዳንዱን በሦስት የተለያዩ ቱቦዎች፣ በተመረጠው ጨውና ደቂቃ ይለኩ። አንዱን ቱቦ ሦስት ጊዜ ማንበብ ሦስት ልኬት አይባልም። የመነሻውን መስመር ቀንሰው የ1380ን ፒክ ቁመት ከክምችቱ ጋር ይሣሉ።

መስመሩ በከፍተኛ ክምችት በኩል ቢጎብጥ አይደንግጡ፤ የብሩ ገጽ ሲሞላ ተጨማሪ ታይራም የሚያርፍበት አያገኝም። ቀጥ ያለውን የታችኛውን ክፍል ብቻ ይጠቀሙ፣ ከዚያ በላይ የሚውል ናሙና ካለ አቅጥነው እንደገና ይለኩ። ዝቅተኛውን የመለያ ገደብ ለማወቅ አሥር ባዶ ናሙናዎችን ለየብቻ አዘጋጅተው ይለኩ፤ አማካያቸው ላይ የመደበኛ ልዩነታቸውን ሦስት እጥፍ ደምረው ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ «አልታየም» ብለው ይጻፉ። የማጠናከሪያ እጥፍ (ብሩ ፒኩን ያበረታበት እጥፍ) ስንት ሚሊዮን ደረሰ የሚለውን ማስላት ለዚህ ሥራ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ባዶው ናሙና ምን ያህል ጸጥ ያለ ነው የሚለው ግን ሁሉንም ይወስናል።

ደረጃ 9፦ ከልጣጩ ናሙና ማውጣት

1. ከፖም ወይም ከቲማቲም ልጣጭ 2 በ2 ሴንቲሜትር የሆነ ቁራጭ በስሱ ይላጡ። ሥጋው አብሮ ከመጣ ስኳሩና አሲዱ የብሩን ገጽ ይሻማሉ።
2. በመስታወት ቱቦ ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር ግማሽ በግማሽ የተደባለቀ ሜታኖልና ውሃ ጨምረው ለ2 ደቂቃ በደንብ ይነቅንቁት።
3. በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አጥልለው በውሃ አሥር እጥፍ ያቅጥኑት። ሜታኖሉ አሁን 5 በመቶ ሆኗል፣ ማለትም ከመለኪያዎቹ ጋር እኩል ነው።
4. ልክ እንደ ደረጃ 7 አድርገው ይለኩ።
5. ፈጽሞ ካልተረጨ ፍሬ የተወሰደ ቁራጭ፣ እንዲሁም የታወቀ ታይራም የተጨመረበት ያልተረጨ ቁራጭ፣ በተመሳሳይ መንገድ ያዘጋጁ።

በአምስተኛው ተራ ቁጥር የጨመሩት ታይራም በልኬቱ ከግማሽ በታች ሆኖ ከተመለሰ የፍሬው ጭማቂ ገጹን እየያዘ ነው። ያን ጊዜ በንጹሕ ውሃ የተሠራው የመለኪያ መስመር ስለማይሠራ፣ መለኪያዎቹን ካልተረጨ ፍሬ ልጣጭ በዚሁ መንገድ በወጣ ፈሳሽ ውስጥ እንደገና ይሥሩ።

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። የቀጠነው ናሙና 0.5 ማይክሮሞላር ከሆነ ያልቀጠነው 5 ማይክሮሞላር ነው። በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ናኖሞል አለ፤ ይህ በታይራም ሞላር ክብደት 240.4 ሲባዛ 1.2 ማይክሮግራም ይሆናል። ለ4 ስኩዌር ሴንቲሜትር ሲካፈል በስኩዌር ሴንቲሜትር 0.3 ማይክሮግራም ነው።

ደረጃ 10፦ ስፔክትረሙን ማንበብ

በ1380 አካባቢ ፒክ መታየቱ ብቻውን ታይራም ተገኘ አያሰኝም። ፒኩ ቀጭን መሆን አለበት፤ በ560፣ በ1150 እና በ1510 ሴ.ሜ⁻¹ አካባቢ ያሉት ትናንሽ አጃቢዎቹም ክምችቱ በጨመረ ቁጥር አብረው መጨመር አለባቸው። በ1350 እና በ1580 አካባቢ ሁለት ሰፋፊ ጉብታዎች ካዩ ሌዘሩ ያቃጠለው ካርቦን ነው፤ ኃይሉን ይቀንሱ። በ1050 አካባቢ የሚታየው የጨመሩት ናይትሬት ነው። በ240 አካባቢ ያለው ደግሞ ብርና ክሎራይድ የተያያዙበት ስለሆነ በባዶውም ናሙና ውስጥ ይኖራል።

ሲበላሽ

*ምንም ፒክ ከሌለ፦* መጀመሪያ 10 ማይክሮሞላር ታይራም ይለኩ። ይህም ካልታየ በ1050 አካባቢ ያለውን የናይትሬቱን ፒክና የኮሎይዱን ቀለም ያረጋግጡ፤ ጨው ከገባ በኋላ ቀለሙ ካልጠቆረ ወይም ወደ አረንጓዴ ግራጫ ካላደላ ቅንጣቶቹ አልተሰባሰቡም፣ ጨው ይጨምሩ። ቀለሙ ተቀይሮ ፒክ ከሌለ ትኩረቱን ወይም ሲሊከኑን እንደገና ይፈትሹ።

*ባዶው ናሙና የታይራም ፒክ ካሳየ፦* ሁሉንም ነገር ያቁሙ። ሰልፈር ያላቸው ውሕዶች ከኩቬትና ከፒፔት ጫፍ በቀላሉ አይለቁም። ኩቬቱን በናይትሪክ አሲድ ያጥቡ፣ የፒፔት ጫፎችን ይቀይሩ፣ የጎማ ጓንትዎንም ይጠርጥሩ፤ አንዳንድ ጎማዎች የሚጠነክሩት በታይራምና በዘመዶቹ ነው። ለጎማ ክዳንም ያው ነው።

*ሦስቱ ቱቦዎች በጣም ከተለያዩ፦* ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጊዜ አያያዝ ነው። አምስት ቱቦ ላይ በአንድ ጊዜ ጨው ጨምረው በተራ የሚያነቡ ከሆነ አምስተኛው ከአንደኛው በብዙ ደቂቃ ይዘገያል። ጨው የሚገባው ለአንድ ቱቦ ብቻ፣ ያም ሊነበብ ሲል ነው።

*ትናንት ሠርቶ ዛሬ ከደከመ፦* የኮሎይዱን ዩቪ-ቪዝ ይመልከቱ። ፒኩ ካልተለወጠ አዲስ የታይራም ማቅጠኛ ይሥሩ፤ የቀጠነ ታይራም ሲያድር ይፈራርሳል፣ ፕላስቲክ ግድግዳ ላይም ይለጠፋል።

ቆሻሻውን ማስወገድ

ብር ያለበትን ፈሳሽ ሁሉ በአንድ ምልክት በተደረገበት ጠርሙስ ያጠራቅሙ። ናይትሪክ አሲድ የታጠበበትን ለብቻው፣ ሜታኖልና ታይራም ያለበትን ለብቻው ያድርጉ፤ ሁለቱን በአንድ ጠርሙስ አይቀላቅሉ። ወደ ማጠቢያ ገንዳ የሚደፋ ነገር የለም። ጠርሙሶቹን ተቋምዎ ለአደገኛ ኬሚካል ቆሻሻ ወዳዘጋጀው ቦታ ያስረክቡ።